ተኝታለች ያልኳት ቀን

ግለ ሂስ የሚባለውን ነገር እንደኔ የተካነበት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። በዓመት ሁለቴ ግምገማ አለ፤ በየግምገማው ሁሉም ሰው ተራው ሲደርስ ተነስቶ የራሱን ድክመት ይናገራል። እኔም እነሳለሁ። ነጠላዬን አስተካክልና «አልፎ አልፎ የማርፈድ ሁኔታ ይታይብኛል፤ ከባለጉዳይ ጋር ደግሞ ቶሎ የመቆጣት ሀንቂና አለብኝ፤ ለወደፊቱ አሻሽላለሁ» ብዬ እቀመጣለሁ። ሀንቂና በኦሮምኛ ጉድለት ማለት ነው፤ ቢሯችን የሚሠራው በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛ ስናወራ እንኳ ቃሉ አፋችን ላይ ቀርቷል። ሰብሳቢው ይጽፋል፣ ባልደረቦቼ «ጥሩ ነው፣ ራሷን አይታለች» ይላሉ፣ ከዚያ ሻይ እንጠጣለን። በሚቀጥለው ግምገማ ያንኑ እደግመዋለሁ። ማርፈዱም ቁጣውም አለብኝ፤ ዋናውን ጉድለቴን ግን አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም።

አንድ እህት አለችኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ታንሰኛለች። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደግናት እናቴና እኔ ነን። አሁን ጊንጪ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ በላብራቶሪ ባለሙያነት ትሠራለች። እኔ ከምኖርበት ከጎጆ ከተማ እሷ ጋ ለመድረስ መንገዱ ቢከፋ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው። ያን ሁለት ሰዓት ለመሄድ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። በእነዚያ ዓመታት በበዓል በበዓሉ አበባና ሻማ ያለበት፣ ለሁሉም ሰው የሚላከው ዓይነት መልእክት በስልኬ ትልክልኛለች፤ እኔም መልሼ አበባ እልክላታለሁ። እህትማማችነታችን ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ አንድ አበባ ሆነ። በዓል ባለፈ ቁጥር የሚቀጥለውን ባትልክልኝስ እያልኩ እፈራ ነበር። በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ ሌላ የእኔ የምለው ሰው የለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ልቧን ታማ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ዋለች። አምቦ፣ በወላጆቻችን ቤት፣ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። እህቴ ጅማ ትማር ነበር፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እናቴ ዓርብ ጠዋት አረፈች። እህቴ ፈተናዋን የምትጨርሰው ደግሞ ማክሰኞ ነበር። ዘመድ ተሰበሰበ፤ አጎታችን ገና ጋቢውን ሳያወልቅ «ልጅቷ እንዳትሰማ» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የሌላ አገር ሰው ይህን ቢሰማ ጭካኔ ይመስለው ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን ጭካኔው ሞትን በስልክ መንገር ነው። መርዶ ወግ አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ለዚያ ደግሞ ሰውየው መጀመሪያ አገሩ መግባት አለበት።

ቀብሩ ቅዳሜ ተፈጸመ። እህቴ ግን በየቀኑ ትደውላለች፤ ስልኩም ያለው እኔ ጋ ነው። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ሲያለቅስ እኔ ጓሮ ወጥቼ፣ አፍንጫዬን ተናፍጬ፣ ድምፄን አስተካክዬ «ተኝታለች» እላታለሁ።

«አሁንም?»

«መድኃኒቱ ነው የሚያስተኛት። አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ።»

ማክሰኞ ፈተናዋን ጨረሰች፤ ረቡዕ አምቦ ገባች። «እናትሽ ሐኪም ቤት ናት፣ ጠዋት ትጠይቂያታለሽ» ተብላ አክስታችን ቤት አደረች። ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ተከታትለን ገባን። እህቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ጥቁር ፌስታል አለ፤ እናቴ እግሯን ይበርዳት ስለነበር ከጅማ የሱፍ ካልሲ ገዝታላት መጥታለች። ሽማግሌዎቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባት። ሴቶቹ ጮኹ፤ ክንዷን የሚይዙት ክንዷን ያዙ። እሷ አልጮኸችም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ብቻ ፈልጋ አየችኝና «ተኝታለች አልሽኝ እኮ» አለች።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አልኳት።

በአርባው ቀን፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ዕቃ እያጠብን ሳለ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ፊቷን ወደ ሳፋው እንዳቀረቀረች ነው የጠየቀችኝ። «እኔን ጠይቃ ነበር?» «ተኝታ ነው ያለፈችው፤ ምንም አልተሰቃየችም» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ በኋላ ሥራ ያዘች፣ ጊንጪ ገባች፣ አበባ መላክ ጀመረች።

እኔ ከተዝካሩ በኋላ ዝውውር ጠየቅኩ። ሰው ከጎጆ ወደ አምቦ ለመዛወር ደጅ ይጠናል፤ እኔ ከአምቦ ወደ ጎጆ ብዬ ሳመለክት ኃላፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አዴ፣ በደንብ አስበውበታል?» አለኝ፤ አዴ ወይዘሮ ማለት ነው። «አስቤበታለሁ ኦቦ» አልኩት። የምን ማሰብ! የሸሸሁት ቤቱን ነው፤ አልጋዋ የነበረበትን ክፍል አልፌ ወደ ጓዳ መሄድ አቅቶኝ ነው።

ጎጆ ይበርዳል። አምቦ ላይ ነጠላ የሚበቃው ሰው እዚህ ጋቢ ላይ ጋቢ ይደርባል። ጠዋት ጭጋጉ እስኪገፈፍ ድረስ አጥሩና በጎቹ አይለዩም። ከአንዲት ድንች አምራች መበለት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሬዲዮ። ቁጭ ብዬ መብላት ተውኩ፤ ለማን ብዬ ነው የምቀመጠው? ቅዳሜና እሑድ ከማንም ጋር ሳላወራ አልፍና ሰኞ ጠዋት ለመጀመሪያው ባለጉዳይ «አቤት» ስለው ድምፄ ሻክሮ ራሴን ያስደነግጠኛል። ኔትወርክ ለወራት የጠፋበት ጊዜም ነበር። ሰው ሁሉ አማረረ፤ እኔ ግን ጠፋ ሲባል ቀለለኝ። ስልኬ ዝም ያለው በኔትወርኩ ነው ማለት ቻልኩ። ብቸኝነት ነበር፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

አንድ ዓመት የትንሣኤ ሰሞን ሆድ ባሰኝና ደብዳቤ ልጻፍላት አልኩ። ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ሥራዬ ነው፤ ማን ብሎኝ! ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ ይቅርታ መጠየቅን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እናታችን ባረፈችበት ወቅት ከነበረው ሁኔታ አንጻር በተፈጠረው የመረጃ ክፍተት ምክንያት ለደረሰብሽ ቅሬታ...» እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። ስጽፈው አልቅሻለሁ፤ ይህን እመኑኝ። ሳነበው ደግሞ በጣም አማረኝ። በፖስታ አሽጌ በሚሄድ ሰው እጅ ላኩላት።

ከሳምንት በኋላ በስልኬ መልስ መጣ። አበባ የለውም። «ደብዳቤው ደርሶኛል። ግልባጭ ለማን ነው?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ልጅቷ ድሮም ምላሰኛ ናት፤ አፏን ያስፈታኋት ደግሞ እኔው ነኝ። ቀጥሎ ወረቀቱ እንዴት እንደሚነበብ በእሷ ዓይን ታየኝና ፊቴ ጋለ። እናቷን ሳትቀብር ቀርታ «የመረጃ ክፍተት» ብዬ ጻፍኩላት! ሰው ለእህቱ እንዲህ ይጽፋል? ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ልመልስላት ብዕር አንስቻለሁ፤ ገና «ጉዳዩ» ሳልል እጄ ይቆማል። ከግምገማ ቋንቋ ሌላ ይቅርታ የምጠይቅበት ቋንቋ እንደሌለኝ ያኔ ገባኝ።

ባለፈው ዓመት ስለ ሠራተኛ የአእምሮ ጤና ስልጠና አለ ተብለን አዳራሽ ተሰበሰብን። አሰልጣኟ ገና ወጣት ናት፤ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ታወራለች። ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም ምሳ በልተን ዓይናችን ሲከብድ፣ «ዓይናችሁን ጨፍኑና ትንፋሻችሁን አዳምጡ» አለችን። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ ጸሎት የተጀመረ መስሎት «አሜን!» ሲል ሳቁ አዳራሹን ሞላው። እሷም አብራን ሳቀችና እንደገና አስጀመረችን። «የመጣላችሁን ሐሳብ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አትበሉት፤ አታባርሩት፤ ዝም ብላችሁ እዩት። በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ይበቃል» አለች። እኔ አጠገቤ ላለችው «ኧረ ወዲያ! ትንፋሼ ሥራውን ያውቃል፣ እኔ ምን ቆርጦኝ እቆጣጠረዋለሁ» ብዬ አሾፍኩ። ዓይኔንም አልጨፈንኩም፤ የጨፈኑትን ሳይ ቆየሁ። የገረመኝ አንዳንዶቹ ሲያለቅሱ ማየቴ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ እሑድ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ የለም፣ የሬዲዮዬም ባትሪ አለቀ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ቀኑ ሙሉ ፊቴ ተገትሯል። ደጃፌ ላይ የእንጨት ዱካ አውጥቼ ከድንቹ ማሳ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሌላ የሚሠራ ነገር ስለሌለ እንጂ ስልጠናውን አምኜበት አይደለም። ከብርዱ የተነሳ ትንፋሼ ይታየኛል፤ መቁጠር ጀመርኩ። አራት ስደርስ ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋር የተጣላሁት ትዝ አለኝና ተናደድኩ። እንደገና ጀመርኩ። ሰባት ላይ የተጣደው ድንች ትዝ አለኝና ተነስቼ አየሁት። አሥር ሳልደርስ ተውኩት። በሚቀጥለው ቀን ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሃያ መቁጠር ቻልኩ፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ደጃፌ ላይ ሆኜ የበጎቹን ድምፅ፣ የጎረቤትን ሳል፣ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ጨዋታ እሰማ ጀመር። ስድስት ዓመት የኖርኩበት ግቢ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ አሥራ አራት ላይ፣ የምቆጥረው የእኔን ትንፋሽ መሆኑ ቀረ። የእናቴን ነው የምቆጥረው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ነርሷ «በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ ሰዓት ይዘሽ ቁጠሪ» ብላኝ ነበርና፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እቆጥር ነበር። ዱካውን በእግሬ ገፍቼ ተነሳሁ። ቤት ገብቼ የታጠበ ልብስ እንደገና አጠብኩ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ሳምንት ደጃፍ ላይ አልተቀመጥኩም። ያች አሰልጣኝ እዩት ብላ ይህን አምጥታብኝ የለ፣ ስንት ጊዜ ረገምኳት!

አከራዬ አየችኝ። የወንጌል አማኝ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ድምጿን አውጥታ ትጸልይና ከዚያ ሥራዋን ትይዛለች። «አከም ቡልቴ» ብላኝ እንዴት አደርሽ ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም። አንድ ቅዳሜ የድንች ዘር ስትመርጥ አገኘኋትና ላግዛት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጤነኛውን በአንድ ቅርጫት፣ የተበላሸውን በሌላ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደጅ መቀመጡን ተውሽው?» አለችኝ። እኔም ነገሩን ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳት፤ የእናቴን ሕመም፣ ፈተናውን፣ የአጎቴን ምክር፣ መርዶውን። ታሪኩን ለብዙ ሰው ስለነገርኩት የት ላይ እንደምተነፍስ እንኳ አውቀዋለሁ። እስከዚያ ቀን የሰማኝ ሰው ሁሉ «ደግ አደረግሽ፤ ሌላ ምን ታደርጊ?» ነው የሚለኝ። እሷ ግን የያዘችውን ድንች አስቀመጠችና በኦሮምኛ «እናትሽስ? ልጄን አቅርቡልኝ አላለችም?» አለችኝ።

«አላለችም» አልኳት። ትንፋሽ እንኳ አልወሰድኩም።

«እሺ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ጤነኛ ድንች የተበላሸው ቅርጫት ውስጥ ጥዬ ኖሯል፤ አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው።

በነጋታው ዱካዬን አወጣሁ። ቆጠርኩ። አሥራ አራት ላይ እናቴ መጣች፤ አልተነሳሁም።

ሐሙስ ነው። ልትሞት አንድ ቀን ሲቀራት። ረፋዱ ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሷ ላይ አርፋለች። እናቴ ነቅታለች፤ ደክሟታል እንጂ ልቦናዋ ጥርት ያለ ነው። «ደውይላት፤ ድምጿን ልስማ» አለችኝ። «ፈተና ላይ ናት እማዬ» አልኳት። «እሺ» አለች። እናቴ በእኔ ላይ ጨክና ታውቃለች ማለት አልችልም፤ የምላትን ትሰማለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ «ያቺ ልጅ በልታ ይሆን?» አለች።

ከሰዓት እህቴ ራሷ ደወለች። ስልኩን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። «እማዬን አቅርቢልኝ» አለችኝ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ እናቴ ስትስል እሰማታለሁ። አሥር እርምጃ ብሄድ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነበር።

«ተኝታለች» አልኳት።

ያኔ አጎቴ የለም። ዘመድ አልተሰበሰበም። የሞተ ሰው አልነበረም፤ መርዶም ወግም የለም። ማንም እንደዚያ በይ አላለኝም። ሁለት ዓመት ያጠብኳት እኔ፣ ያገላበጥኳት እኔ፣ ከቢሮ እየሮጥኩ መጥቼ ሾርባ ያጎረስኳት እኔ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ ቀን «አንቺስ በልተሻል?» ብላኝ አታውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ የተጨነቀችው ግን ለዚያች፣ በስልክ ብቻ ለምታስታምማት ነው። ቀናሁ። ይኸው ነው፤ ቀናሁ። ነገ የምትሞት አልመሰለኝም ነበር፤ ይህም እውነት ነው፣ ግን ሰበብ እንዳላደርገው ስለምፈራ አላበዛውም። ዓርብ ዘመድ «ልጅቷ እንዳትሰማ» ሲል ያን የሐሙሱን ውሸት የምደብቅበት ጉድጓድ ተቆፈረልኝ። ከዚያ በኋላ የዋሸሁትን ሁሉ የነገርኩት ሰው ሁሉ ይቅር ብሎልኛል፤ ያንን የመጀመሪያውን ግን ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። ደጃፌ ላይ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ የእናቴን ለቅሶ ከስድስት ዓመት በኋላ አለቀስኩት። ያስለቀሰኝ እኔ ያጣሁት አይደለም። እህቴ በአርባው ቀን ሳፋው ላይ አቀርቅራ የጠየቀችኝ ነው የመጣብኝ። እናቴ ሳትጠራኝ ሄደች ብላ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የኖረችው። የእሷን ነገር ይዤባት ነው የኖርኩት። ብነግራት ያችን አበባም ላጣት እችላለሁ፤ ባልነግራት ግን እስክንሞት እንደ ሌባ አበባ መቀባበል ነው።

አንድ ነገር ልበል፤ ትንፋሽ መቁጠር ጻድቅ ያደርጋል የሚል ካለ እኔን አይጥቀስ። ዛሬም በየጠዋቱ እቀመጣለሁ፤ ትናንትናም አንዱን ባለጉዳይ «ፎርሙ ላይ የተጻፈውን አታነብም እንዴ!» ብዬ አምባርቄበታለሁ። ልዩነቱ፣ ሰውየው ከቢሮዬ ሳይወጣ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ጠርቼ አስቀመጥኩትና አብረን ሞላነው። ከዚህ የበለጠ ለውጥ የለኝም።

ደጃፌ ላይ ካለቀስኩ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ማለዳ ገብስ የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጋቢና ውስጥ፣ ሁለት በግ ከያዘ ገበሬ ጎን ተጨናንቄ ወደ ጊንጪ ወረድኩ። የምላትን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፤ በመንገዱ መንቀጥቀጥ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእህቴ ቤት ከዋናው መንገድ ጀርባ ነው፤ የአዲስ አበባና የአምቦ አውቶቡሶች ሲያልፉ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። በሩን አንኳኳሁ። ጀሪካን በእጇ ይዛ ከፈተች። ከስታለች፤ ፀጉሯን አሳጥራለች። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማን ሞተ?» አለች።

በዚያ ሰዓት ሳልናገር የምመጣላት ለምን እንደሆነ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? እንዲህ ያደረግኳት እኔ ነኝ። «ማንም አልሞተም» አልኳት።

«እውነቱን ተናገሪ!»

«ማንም አልሞተም። እውነት ልናገር ነው የመጣሁት።»

ጀሪካኑን አላስቀመጠችም። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ቆሜ፣ በሯ ላይ፣ ነገርኳት። «ከማረፏ በፊት፣ ሐሙስ ስትደውዪ፣ እማዬ ነቅታ ነበር። ጠዋት ጠይቃሽ ነበር። ያላገናኘኋችሁ እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። «ለአንቺ ብዬ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

 ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ በሩን ዘጋች።

የበሯ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ልሂድ ብል ተመልሼ የምመጣ አልመሰለኝም፤ ላንኳኳ ብል ምን መብት አለኝ? መቀመጥን ተምሬያለሁ፤ ተቀመጥኩ። ትንፋሼን አዳመጥኩ፤ ለመረጋጋት ብዬ አይደለም፣ ሌላ ያለኝ ነገር ስለሌለ ነው። አንድ አውቶቡስ ወደ አምቦ አለፈ። ሌላ አለፈ። አንዲት ጎረቤት «ምነው ውጪ ተቀመጡ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «እህቴን እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። ሦስተኛው አውቶቡስ ካለፈ በኋላ በሩ ተከፈተ። እህቴ ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዬ ቆመች፤ ዞር ብዬ ማየት ፈራሁ።

«ምን አለች?»

«‹ደውይላት፤ ድምጿን ልስማ› አለች።»

«ከዚያስ?»

«ፈተና ላይ ናት አልኳት። ‹እሺ› አለችና ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ‹ያቺ ልጅ በልታ ይሆን?› አለች።»

 «ሌላስ?» አለችኝ።

እዚያ ላይ ተፈተንኩ። ምን ጠፍቶ! መርቃሽ ነበር ልበላት? ስምሽን እየጠራች ነው ያለፈችው ልበላት? አንድ ቃል ብጨምርላት ምን ያህል እንደምታርፍ አውቃለሁ፤ መጨመርም እችልበታለሁ። «ሌላ አላለችም» አልኳት። «ይኸው ነው።»

እህቴ መጥታ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ በመካከላችን የአንድ ሰው ቦታ ትታ።  ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እስከ ዛሬም አላለችኝም።

«አልበላሁም ነበር» አለች። «የዚያን ቀን፣ ቁርስም ምሳም አልበላሁም ነበር።»